የሊነክስ ኬትሬድ ግምገማ፦ ትሬዱን ማን ያቆመዋል? ስሙስ የማን ነው?

በሊነክስ ከርነል ውስጥ ከበስተጀርባ የሚሠራ ትሬድ (ራሱን ችሎ የሚሄድ የሥራ መስመር) ለመፍጠር የሚያገለግለው ኬትሬድ የተባለው ኢንተርፌስ የበሰለ ዕቃ ነው። ለትሬድ አያያዙ ከአምስት አራት፣ አብረውት ለሚመጡት ሄደሮች (አዋጆችን ይዘው በሌላ ኮድ ውስጥ ለሚካተቱት ፋይሎች) የስም አያያዝ ደግሞ ከአምስት ሦስት ነጥብ ይገባዋል። ነጥቡን ለይተን የሰጠነው ድክመቶቹ የሚታዩበት ሰዓት ስለሚለያይ ነው። የስም ግጭት አብዛኛውን ጊዜ ኮምፓይል ሲደረግ ይጮኻል። የትሬድ ስሕተት ግን ሞጁሉ (ከርነሉ ላይ የሚጫነው ተጨማሪ ኮድ) ከከርነሉ ሲወርድ፣ ያውም አልፎ አልፎ ብቻ፣ ነው የሚመጣው። የሁለቱም ሥር ግን አንድ ነው፤ ባለቤቱ ያልታወቀ ነገር። ትሬዱን ማቆም የማን ኃላፊነት እንደሆነ ያልተወሰነበት ኮድና ስሙ የማን እንደሆነ ያልተወሰነበት ሄደር ውለው አድረው መጣላታቸው አይቀርም።

የፈንክሽኖቹንና የማክሮዎቹን (ኮምፓይል ከመደረጉ በፊት በሌላ ጽሑፍ የሚተኩትን) ስም እንደሚነበቡ ጽፈናል፤ ታች-ሰረዙ በኮዱ ላይ እንዳለው ነው።

ትሬዱ እንዴት ይወለዳል

ኬትሬድ በ2004፣ በከርነል 2.6.4 ላይ ከመግባቱ በፊት የድራይቨር ጸሐፊ ከርነል_ትሬድ የተባለውን ፈንክሽን በቀጥታ ይጠራ ነበር። አዲሱ ትሬድ የጠሪው ቅጂ ስለሆነ ሞጁሉን የጫነው ፕሮግራም የከፈታቸውን ፋይሎች፣ የሲግናል ሁኔታውንና የቆመበትን ማውጫ ሁሉ ወርሶ ይነሣል። ያንን ውርስ ለማራገፍ ዴሞናይዝ የሚባል ሌላ ፈንክሽን መጥራት ግድ ነበር። እሱ ከተረሳ የማይሞት ትሬድ የማይፈልገውን ፋይል ሲስተም ይዞ ይቀመጣል፤ ዲስኩም አልነቀልም ይላል።

አሁን በዚህ ኢንተርፌስ የሚፈጠር ትሬድ ሁሉ የሚወለደው ከአንድ ወላጅ፣ የፕሮሰስ ቁጥሩ 2 ከሆነው ኬትሬድዲ ነው። ኬትሬድ_ክሪኤት ሲጠራ ጥያቄውን ዝርዝር ላይ አስቀምጦ ኬትሬድዲን ይቀሰቅሳል፣ ከዚያም ትሬዱ ተፈጥሮ እስኪመጣለት ይጠብቃል። ጠሪው ማንም ይሁን ማን ውርሱ ንጹሕ ነው። ይህ የንድፍ ውሳኔ በኬትሬድ ውስጥ ካሉት ሁሉ ምርጡ ነው ብንል አናጋንንም። ዋጋው ደግሞ መጠበቁ ነው፤ ስፒንሎክ (እንቅልፍ የማይፈቅድ ሎክ) ተይዞ ወይም ኢንተራፕት ውስጥ ሆኖ ትሬድ መፍጠር አይቻልም።

የሚመለሰው እሴት ላይ ብዙ ጀማሪ ይሰናከላል። ፈንክሽኑ ሲከሽፍ ባዶ ፖይንተር (የሜሞሪ አድራሻ) አይመልስም፤ የስሕተት ቁጥር በፖይንተር መልክ ሸፍኖ ይመልሳል። ሜሞሪ ከጠፋ «ኢ-ኖሜም»፣ ጠሪው እየጠበቀ ሳለ በማይመከት ሲግናል ከተገደለ «ኢ-ኢንተር» ነው። ማጣሪያው ኢዝ_ኤረር እንጂ ከዜሮ ጋር ማወዳደር አይደለም። ከዜሮ ጋር ያወዳደረ ኮድ ስሕተቱን እንደ ጤነኛ ፖይንተር ተቀብሎ ያልፋል፤ የሚወድቀው በኋላ፣ ትሬዱን ሊያቆም ሲሞክር ነው።

ኬትሬድ_ክሪኤት የሚሰጠው ትሬድ ገና ተኝቶ ነው፤ የሚነሣው ዌክ_አፕ_ፕሮሰስ ሲጠራ ነው። ኬትሬድ_ራን ሁለቱን በአንድ መስመር የሚያደርግ ማክሮ ነው። አቋራጩ ስላለ ረጅሙን መንገድ መርሳት ግን አይገባም። ትሬዱን ከአንድ ፕሮሰሰር ጋር ማሰር ካስፈለገ ኬትሬድ_ባይንድ መጠራት ያለበት በመፍጠርና በመቀስቀስ መካከል ነው፤ ከታች የምንመጣበት የማጣቀሻ ቆጠራም ቦታው እዚያው ነው።

ለትሬዱ የሚሰጠው ስም በፕሪንትኤፍ ዓይነት ቅርጸት ስለሚገነባ ከውጭ የመጣ ጽሑፍ በቀጥታ በቅርጸቱ ቦታ አይገባም፤ ጽሑፍ ተቀባዩን ምልክት (%s) አስቀድሞ ጽሑፉን እንደ ተራ ግብዓት መስጠት ነው። ርዝመቱም የተወሰነ ነው፦ የመዝጊያውን ዜሮ ጨምሮ 16 ባይት፣ ማለትም 15 ፊደል። ረጅም የድራይቨር ስም ጽፎ የመሣሪያውን ቁጥር መጨረሻ ላይ የሚያደርግ ሰው የሚያገኘው በስም የማይለዩ ትሬዶችን ነው፤ የተቆረጠው ቁጥሩ ነውና። ከ5.17 ጀምሮ ከርነሉ ሙሉውን ስም ለብቻው ያስቀምጣል። ያም ሆኖ ብዙ የመከታተያ መሣሪያዎች የሚያነቡት አጭሩን ስለሆነ የሚለየውን ክፍል ወደፊት ማምጣት ይሻላል።

የትሬዱ ስታክ፣ ማለትም ፈንክሽኖቹ ጊዜያዊ ዳታቸውን የሚያኖሩበት ሜሞሪ፣ በ64 ቢት ኤክስ86 ላይ ከ3.15 ወዲህ 16 ኪሎባይት ነው፤ ቀድሞ 8 ነበር። ሲሞላ አይሰፋም። ፈንክሽን ውስጥ የ4 ኪሎባይት ጊዜያዊ አሬይ ያወጀ ሰው ሩቡን በአንድ መስመር በልቶታል፤ የቀረውን ደግሞ እሱ የሚጠራቸው የፋይል ሲስተምና የኔትወርክ ፈንክሽኖች ይሻሙበታል።

ማቆሙ፤ ዋናው ፈተና

የትሬድ ኢንተርፌስ የሚመዘነው በአጀማመሩ ሳይሆን በአጨራረሱ ነው። ኬትሬድ ማንንም በኃይል አይገድልም። ኬትሬድ_ስቶፕ የሚያደርገው ሦስት ነገር ብቻ ነው፦ «አቁም» የሚል ምልክት ያኖራል፣ ትሬዱን ይቀሰቅሳል፣ ከዚያም ትሬዱ ከዋናው ፈንክሽኑ እስኪመለስ ይጠብቃል። ትሬዱ ምልክቱን የሚያየው ራሱ ኬትሬድ_ሹድ_ስቶፕ ብሎ ሲጠይቅ ነው። ካልጠየቀ አይቆምም። ሎክ የያዘ ትሬድ በድንገት ቢገደል ሎኩ ተዘግቶ ይቀራልና ውሳኔው ትክክል ነው፤ ነገር ግን ኃላፊነቱን በሙሉ ጸሐፊው ላይ ይጥላል።

ሥራ ሲያጣ የሚተኛ ትሬድ ዑደቱ እንዲህ መሄድ አለበት። መጀመሪያ ሴት_ከረንት_ስቴት ተብሎ ሁኔታው ወደ ታስክ_ኢንተራፕቲብል ይቀየራል። ቀጥሎ የማቆም ምልክቱ ይታያል፣ ከዚያ የሥራው ወረፋ ይታያል። ሁለቱም ከሌሉ ስኬጁል ተጠርቶ ይተኛል። ሥራ ካለ ሁኔታው ወደ ታስክ_ረኒንግ ተመልሶ ሥራው ይሠራል። ቅደም ተከተሉን የገለበጠ ሰው፣ ማለትም ወረፋውን አይቶ ከዚያ ሁኔታውን የቀየረ፣ በሁለቱ መካከል ለሚመጣ ቅስቀሳ በር ይከፍታል። ሥራ ሰጪው ወረፋው ላይ ሥራ ጨምሮ ቀሰቀሰ እንበል፤ ትሬዱ ገና ንቁ ስለሆነ ቅስቀሳው ምንም አላደረገም። ትሬዱ ቀጥሎ ሁኔታውን ይቀይርና ሥራ እያለ ይተኛል። በቂ ሥራ በሚመጣበት ማሽን ላይ የሚቀጥለው ቅስቀሳ ስለሚያነሣው ስሕተቱ አይታይም። ጸጥ ባለ ማሽን ላይ ግን ትሬዱ ተኝቶ ይቀራል።

እዚህ ላይ ሁለት ታች-ሰረዝ ከፊቱ ያለው ሴት_ከረንት_ስቴት ወንድም አለው፤ ልዩነቱ የሜሞሪ ባሪየር (የንባብና የጽሕፈትን ቅደም ተከተል የሚያስጠብቅ ትእዛዝ) የሌለው መሆኑ ነው። ወደ ንቁ ሁኔታ ለመመለስ ያለ ባሪየሩ ይበቃል። ለመተኛት ሲዘጋጁ ግን ባሪየር ያለው ግድ ነው፤ አለዚያ ፕሮሰሰሩ ራሱ ንባቡን ከጽሕፈቱ አስቀድሞ ያንኑ የተገለበጠ ቅደም ተከተል ይሠራላችኋል።

ይህን ሁሉ በእጅ መጻፍ የማይፈልግ ሰው ዌይት_ኢቨንት_ኢንተራፕቲብልን ይጠቀም፤ ምክራችንም ይኸው ነው። አንድ ማሳሰቢያ ብቻ፦ በሚጠበቀው ሁኔታ ውስጥ «ወይም ኬትሬድ_ሹድ_ስቶፕ» የሚለው መካተት አለበት። ካልተካተተ ኬትሬድ_ስቶፕ ሲቀሰቅሰው ትሬዱ ይነቃል፣ ወረፋው ባዶ መሆኑን ያያል፣ ተመልሶ ይተኛል። ሞጁሉን የሚያወርደው ትእዛዝ ደግሞ ላይመለስ ይጠብቃል። ምልክቱ በመዝገቡ ላይ የሚወጣው «ከ120 ሰከንድ በላይ ታግዷል» የሚል ማስጠንቀቂያ ነው፤ የሚጠራው ስም ግን የተኛውን ትሬድ ሳይሆን የሚጠብቀውን የማውረጃ ትእዛዝ ስለሆነ ብዙ ሰው የተሳሳተ ቦታ ይፈልጋል።

ከዚህ የሚከፋው ትሬዱ በራሱ ጊዜ ሥራውን ጨርሶ የሚመለስበት ሁኔታ ነው። ትሬዱ ተመልሶ ሲሞት እሱን የሚወክለው ታስክ_ስትራክት ይለቀቃል፤ በእጅ ያለው ፖይንተር ግን አሁንም ያንኑ አድራሻ ያሳያል። በዚያ ፖይንተር ኬትሬድ_ስቶፕ መጥራት የተለቀቀ ሜሞሪ መንካት ነው። መፍትሔው ጌት_ታስክ_ስትራክት ጠርቶ ማጣቀሻ («እየተጠቀምኩበት ነው፣ አይለቀቅ» የሚል ቆጠራ) መያዝ፣ ካቆሙ በኋላም ፑት_ታስክ_ስትራክት ጠርቶ መልቀቅ ነው። ማጣቀሻው የሚያዘው ትሬዱ ከመቀስቀሱ በፊት መሆን አለበት። ኬትሬድ_ራን ከተጠራ በኋላ ማጣቀሻ ለመያዝ የሚሞክር ኮድ፣ ትሬዱ ገና በመጀመሪያው መስመር ስሕተት አግኝቶ ከተመለሰ፣ ይቀደማል። ረጅሙን መንገድ አትርሱ ያልነው ለዚህ ነው፦ መፍጠር፣ ማጣቀሻ መያዝ፣ ከዚያ መቀስቀስ። በአዳዲሶቹ ከርነሎች ማቆምንና መልቀቅን አንድ ላይ የሚያደርግ ኬትሬድ_ስቶፕ_ፑት የሚባል ፈንክሽን አለ።

የዚህ ተቃራኒም አለ። ተፈጥሮ ገና ያልተቀሰቀሰ ትሬድ ላይ ኬትሬድ_ስቶፕ ከተጠራ ዋናው ፈንክሽን ጨርሶ ሳይጀመር ትሬዱ ይጠፋል፤ የሚመለሰውም «ኢ-ኢንተር» ነው። ለትሬዱ በግብዓት የተሰጠውን ሜሞሪ «ትሬዱ ራሱ ሲጨርስ ይለቀዋል» ብሎ የጻፈ ሰው እዚህ ሜሞሪ ያባክናል። በጅምር የከሸፈ ድራይቨር ወደኋላ ሲመለስ በትክክል የሚያልፍበት መንገድ ይህ ስለሆነ የሚመለሰውን እሴት መፈተሽ ትርፍ ሥራ አይደለም።

ማንም ሳያቆመው የሚሞት ትሬድ ያለው ሞጁል ሌላ አደጋ አለበት። ትሬዱ «ጨርሻለሁ» ብሎ ምልክት ከሰጠ በኋላ ገና ጥቂት የመጨረሻ ትእዛዞች ይቀሩታል፤ እነሱ ያሉት በሞጁሉ ሜሞሪ ላይ ነው። በዚያች ቅጽበት ሞጁሉ ከወረደ ትሬዱ በሌለ ኮድ ላይ ይራመዳል። ኬትሬድ_ኮምፕሊት_ኤንድ_ኤግዚት እና ሞጁል_ፑት_ኤንድ_ኬትሬድ_ኤግዚት የተሠሩት የመጨረሻው ምልክት ከሞጁሉ ሳይሆን ከከርነሉ ውስጥ እንዲሰጥ ነው። ሁለቱም በ5.17 ስማቸው ተቀይሯል፤ ቀድሞ «ኬትሬድ» የሚለው ቃል አልነበረባቸውም። ስሙ ራሱ «ይህ ለከርነል ትሬድ ብቻ ነው» ማለቱ ጥሩ ለውጥ ነው። የቆየ ኮድ ግን በዚያው ምክንያት ኮምፓይል አልሆንም ይላል።

ቀሪዎቹን ወጥመዶች በአጭሩ እንለፋቸው። ትሬዱ የሚፈልገውን ሎክ ይዞ ኬትሬድ_ስቶፕ መጥራት ሁለቱንም ያስራል። ትሬድ ራሱን ማቆም አይችልም፤ ራሱን እየጠበቀ ይቀራል። ሲግናል በነባሪው አይደርሰውም፤ የሚፈለገው ሲግናል በአላው_ሲግናል ካልተፈቀደ ከውጭ ሊገድሉት አይቻልም። በታስክ_አንኢንተራፕቲብል የሚተኛ ሥራ ፈት ትሬድ የማሽኑን አማካይ ጭነት በ1 ከፍ አድርጎ ያሳያል፣ የሲስተም አስተዳዳሪውንም በከንቱ ያስጨንቃል፤ ከ4.2 ወዲህ ታስክ_አይድል አለ፣ እሱን መጠቀም ነው። ሳያርፍ የሚዞር ትሬድ ኮንድ_ሪስኬድ ካልጠራ ከ20 ሰከንድ በኋላ «ሶፍት ሎካፕ»፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ በአንድ ሥራ ተይዞ ቀርቷል፣ የሚል ማስጠንቀቂያ ሊያስነሣ ይችላል። የሪል ታይም ቅድሚያን በተመለከተ ከ5.9 ጀምሮ ሞጁሎች የፈለጉትን ቁጥር መምረጥ ቀርቶባቸዋል፤ ስኬድ_ሴት_ፊፎ ከጠሩ 50፣ ስኬድ_ሴት_ፊፎ_ሎው ከጠሩ 1 ይሰጣቸዋል። ያልተደሰቱበት ነበሩ፣ እኛ ግን እንደግፈዋለን። አንድ ድራይቨር ከሌሎች ጋር ሲነጻጸር ምን ያህል ቅድሚያ እንደሚገባው ሊያውቅ የሚችለው የማሽኑ አስተዳዳሪ እንጂ የድራይቨሩ ጸሐፊ አይደለም።

ብዙ ሥራ ጭራሹን የራሱ ትሬድ አያስፈልገውም። አልፎ አልፎ የሚመጣና ማንም ፕሮሰሰር ላይ ሊሠራ የሚችል ሥራ ለወርክኪው (ለከርነሉ የጋራ የሥራ ወረፋ) ይሰጥ፤ ከ2.6.36 ወዲህ የትሬዶቹን ብዛት ከርነሉ ራሱ ያመጣጥነዋል፣ የማቆም ጣጣውም የእሱ ነው። የራሱ ቅድሚያ ወይም የራሱ ፕሮሰሰር የሚፈልግ፣ ነገር ግን ሥራው በወረፋ የሚመጣ ከሆነ ኬትሬድ_ወርከር አለ፤ ከላይ የዘረዘርነውን የመተኛት ዑደት በትክክል ጽፎ ያስቀመጠ ነው። ባዶውን ኬትሬድ መጻፍ የሚያዋጣው ከሁለቱ አንዱም ሳይመጥን ሲቀር ነው።

አንድ ስም፣ አራት ትርጉም

ኬትሬድ_ክሪኤት የሚለው ስም በሊነክስና በሌሎቹ ዩኒክስ መሰል ሲስተሞች፣ በኔት ቢኤስዲና በኦፕን ቢኤስዲ፣ ዛሬም አለ፤ የሦስቱም ግብዓት ይለያያል። ሊነክስ ፈንክሽኑን፣ ዳታውንና የስሙን ቅርጸት ተቀብሎ ፖይንተር ይመልሳል። ኔት ቢኤስዲ ቅድሚያውን፣ አማራጮቹንና ፕሮሰሰሩን ከፊት አስቀድሞ ይጠይቃል። ኦፕን ቢኤስዲ አራት ግብዓት ብቻ አለው፤ ስሙም ቅርጸት ሳይሆን ያለቀለት ጽሑፍ ነው። ፍሪ ቢኤስዲ ደግሞ ስሙን ለፕሮሰስ መፍጠሪያ ሲጠቀምበት ቆይቶ በ8.0 ላይ ኬፕሮክ_ክሪኤት ብሎ ቀየረው፤ ለእውነተኛ ትሬድ ኬትሬድ_አድ የተባለ አዲስ ስም አወጣ። ስሙ ከሚሠራው ጋር እንዲገጥም የነበረውን ሁሉ መቀየር ድፍረት ይጠይቃል፤ በዚህ ነጥብ ፍሪ ቢኤስዲ ከሊነክስ ይበልጣል። ኬትሬድ_ኤግዚትም እንዲሁ ነው፦ በፍሪ ቢኤስዲ ግብዓት የለውም፣ በሌሎቹ ግን የመውጫ ቁጥር ይቀበላል።

በብዙ ሲስተም ላይ የሚሠራ ድራይቨር የሚጽፍ ሰው ልዩነቱን በማክሮ ለመሸፈን ይፈተናል፤ «ኬትሬድ_ክሪኤት ማለት እዚህ ይህ ነው» የሚል አንድ መስመር ይጽፋል። ይህ መንገድ አያዋጣም። ማክሮው ከተጻፈ በኋላ የሚካተት ማንኛውም የሲስተም ሄደር ያንኑ ስም ሲያውጅ አዋጁ ራሱ ይቀየራል፤ ስሕተቱም እናንተ ባልጻፋችሁት ፋይል ላይ ይወጣል። የሚሻለው የራስ ፕሪፊክስ (የስም መነሻ) ያለው ስም ማውጣት ነው፤ ድራይቨሩ «አቦል» ቢባል አቦል_ትሬድ_ስታርትና አቦል_ትሬድ_ስቶፕ። የየሲስተሙ አፈጻጸም በየራሱ የሲ ፋይል ውስጥ ይቀመጥ። የሲስተሙን ሄደር የሚያካትተው ያ ፋይል ብቻ ይሁን፤ የጋራው ሄደር ምንም የሲስተም ሄደር አይጥራ።

ማክሮ ወሰን አያውቅም

የሊነክስ ሄደሮች የስም ነጥብ 3 ላይ የቀረው በዋናነት በአንድ ቃል ምክንያት ነው፦ ከረንት። ትርጉሙ «አሁን እየሠራ ያለው ትሬድ» ነው፤ ለከርነል ጸሐፊ ከሚያስፈልጉት ሁሉ ቀዳሚው መሆኑ አያከራክርም። ችግሩ በፈንክሽን መልክ ሳይሆን ቅንፍ በማይፈልግ ማክሮ መልክ መቀመጡ ነው። ኮምፓይለሩ ቃሉን ባገኘበት ሁሉ ጌት_ከረንት ከነቅንፉ ይተካዋል። የባትሪ ድራይቨር የሚጽፍ ሰው ለኤሌክትሪክ ፍሰት «ከረንት» የሚባል ፊልድ (የዳታ ክፍል) ስትራክት (የዳታ ጥቅል) ውስጥ ሲያኖር «ፊልዱ እንደ ፈንክሽን ታውጇል» የሚል መልስ ያገኛል። ያ እንኳ ደግ ነው፣ ጮኾ ይናገራልና። የፈንክሽን ግብዓት ከረንት ተብሎ ሲሰየም ግን ቁጥር የነበረው ግብዓት ወደ ፈንክሽን ፖይንተርነት ይለወጣል፤ በውስጡ ቁጥሩን ያነበበ መስመር ሁሉ ቁጥሩን እንደ አድራሻ ቆጥሮ ይጠራዋል። ከርነሉ የሚጠቀምባቸው ጥብቅ የማስጠንቀቂያ አማራጮች ይህን ያስቆሙታል፤ አማራጮቹን አላልቶ ኮምፓይል ያደረገ ግን የሚያየው የማሽኑን መውደቅ ነው።

በዩዘር ስፔስ፣ ማለትም ከከርነሉ ውጭ ባሉ ተራ ፕሮግራሞች፣ በኩልም የዚህ ዘመዶች ሞልተዋል። የፋይል መረጃ በሚሰጠው ስታት ሄደር ውስጥ ኤስቲ_ኤታይም በጂሊብሲ (በጂኤንዩ የሲ ላይብረሪ) ዛሬ ተራ ፊልድ አይደለም፤ ናኖሰከንድ ሲጨመር የድሮው ኮድ እንዳይሰበር ወደ አዲሱ ስትራክት የሚመራ ማክሮ ሆኗል። በራሱ ስትራክት ውስጥ ያንኑ ስም የተጠቀመ ሰው ፊልዱ ነጥብ ያለበት ሁለት ቃል ሆኖበት ኮምፓይለሩ ይገረምበታል። የዩኒክስ መሰል ሲስተሞች የጋራ ደንብ የሆነው ፖዚክስ በየሄደሩ የተወሰኑ ፕሪፊክሶችን የከለለው ለዚህ ነው፤ «ኤስቲ_»፣ «ቲቪ_» እና መሰሎቹ የሲስተሙ ናቸው። «_ቲ» የሚል መጨረሻ ያለው የታይፕ ስምም እንዲሁ የተከለለ ነው፤ ብዙ ሰው ግን በየቀኑ ይጥሰዋል። ሜጀርና ማይነር ደግሞ ለዓመታት ከሲስ/ታይፕስ ሄደር ጋር ሳይጠሩ እየመጡ የስሪት ቁጥር የሚይዙ የሲ++ ክላሶችን ሲያበላሹ ኖረዋል። ጂሊብሲ በ2.25 ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ በ2.28 አወጣቸው፤ አሁን የሚገኙት በሲስ/ሲስማክሮስ ውስጥ ብቻ ነው።

ሊስት_ሄድም አለ። በሊነክስ አንድ ግብዓት የሚቀበል፣ በቢኤስዲ ሁለት ግብዓት የሚቀበል ማክሮ ነው፤ ስሙ አንድ፣ ሥራው የተለያየ። የሊነክስ ድራይቨሮችን በፍሪ ቢኤስዲ ላይ የሚያስኬደው የተኳኋኝነት ሽፋን የቢኤስዲውን ትርጉም የሚፈልጉ ሄደሮችን ሁሉ አስቀድሞ ያካትትና ትርጉሙን ሰርዞ የሊነክሱን ይተካል። መሥራቱን ይሠራል፤ ነገር ግን የሄደሮቹን ቅደም ተከተል የነካ ሰው ወዮለት።

ብዙዎች ከማያውቋቸው ወጥመዶች አንዱ «ሊነክስ» የሚለው ቃል ራሱ ነው። ጂሲሲ የተባለው ኮምፓይለር በነባሪው የጂኤንዩ አሠራሩ በሊነክስ ላይ ይህን ቃል በትንሽ ፊደል የተጻፈ ማክሮ አድርጎ 1 የሚል ትርጉም ይሰጠዋል። የሄደር አድራሻን በማክሮ የሚገነባ ኮድ በመንገዱ ላይ ሊነክስ የሚል ማውጫ ካለ «1» ወደሚባል ማውጫ ሄዶ ይፈልጋል። መፍትሔው ከመገንባቱ በፊት ትርጉሙን መሰረዝ ነው።

የፋይል ስምም ስም ነው። በኔትፊልተር (በከርነሉ የኔትወርክ ማጣሪያ) ማውጫ ውስጥ በትንሽና በትልቅ የላቲን ፊደል ብቻ የሚለያዩ የሄደር ጥንዶች አሉ፤ ኤክስቲ_ማርክ አንዱ ነው። ትልቅና ትንሽ ፊደል በማይለይ ፋይል ሲስተም ላይ የከርነሉን ምንጭ የገለበጠ ሰው አንዱ ሌላውን ይደመስስበታል። ሄደሩ ሁለት ጊዜ እንዳይካተት የሚያደርገው የሄደር መከላከያ ማክሮም እንዲሁ፦ ሁለት ሄደሮች ሁለቱም «_ኮመን_ኤች» የሚል መከላከያ ከያዙ ሁለተኛው ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ባዶ ይሆናል፣ ሰውም ያወጀው ታይፕ ለምን እንደጠፋ ሲፈልግ ይውላል። የፕሮጀክቱ ስምና የማውጫው መንገድ መከላከያው ውስጥ ይግቡ።

ሊነክስ በዚህ በኩል ያሻሻለውም ብዙ ነው። በ3.7 ለዩዘር ስፔስ የሚሰጡት ሄደሮች ዩኤፒአይ ወደተባለ የራሳቸው ማውጫ ተለይተዋል፤ ሲጫኑ ለከርነሉ ብቻ የሆነው ክፍል ተቆርጦ ይወጣል። እዚያ ያሉት ታይፖች ሁለት ታች-ሰረዝ ከፊት ያላቸው፣ እንደ __ዩ32 ያሉ ናቸው። በሲ ደንብ ሁለት ታች-ሰረዝ የሚቀድመው ስም ለሲስተሙ የተከለለ ስለሆነ ከፕሮግራም ጸሐፊው ስም ጋር አይጋጭም፤ ዩ32 ብቻ ቢባል ግን የስንቱን ፕሮግራም ስም በወረሰ ነበር። ለድራይቨራችሁ ለዩዘር ስፔስ የሚሄድ ሄደር ስትጽፉ ታይፖቹን ከእነዚያ ውሰዱ፣ የስትራክቱንና የቋሚዎቹን ስም ግን በድራይቨሩ ፕሪፊክስ ጀምሩ።

ከሲ ላይብረሪ ጋር ያለው ግጭት ገና አልለቀቀም። ለኔትወርክ አድራሻዎች በ3.12 ሊብሲ-ኮምፓት የተባለ ሄደር ገብቶ ሁለቱ ወገኖች እንዲተያዩ አድርጓል፤ የሲ ላይብረሪውን ሄደር አስቀድሞ ማካተት አሁንም የሚሻለው ቅደም ተከተል ነው። ጂሊብሲ 2.36 ሲወጣ ግን ሲስ/ማውንት እና ሊነክስ/ማውንት አንድ ፋይል ውስጥ ሲገናኙ ተመሳሳይ ስትራክት ሁለት ጊዜ ታወጀ እያሉ ብዙ ፕሮጀክቶችን አቁመዋል። እንዲህ ሲያጋጥም በማክሮ መታገል አያስፈልግም። የከርነሉን ሄደር የሚፈልገውን ኮድ ለብቻው በአንድ የሲ ፋይል አስቀምጦ በቀላል ፈንክሽን መጥራት ነው።

ለሌላ ሞጁል የሚወጣ ስም

ስታቲክ (በአንዱ ፋይል ውስጥ ብቻ የሚታይ) ያልሆነና ወደ ውጭ የተላከ ስም በከርነሉ ውስጥ አንድ ብቻ መሆን አለበት። ሞጁላችሁ ከርነሉ የያዘውን ስም ከላከ ሲጫን «ተመሳሳይ ስም ይልካል» ተብሎ ይመለሳል፤ ዛሬ የሌለ ስም ደግሞ በሚቀጥለው ስሪት ሊመጣ ይችላል። ከ5.4 ጀምሮ ኤክስፖርት_ሲምቦል_ኤንኤስ የተላከውን ስም ለተወሰነ ክልል ይመድባል፤ ተጠቃሚው ሞጁል በሞጁል_ኢምፖርት_ኤንኤስ ክልሉን ካልጠራ ማስጠንቀቂያ ይወጣል፣ በተለመደው ቅንብርም ጭነቱ ይከለከላል። ነገር ግን ክልሉ ማን እንደሚጠቀም ይገድባል እንጂ ሁለት አንድ ዓይነት ስሞችን አያስታርቅም፤ ፕሪፊክሱ አሁንም ያስፈልጋል። በ6.13 ደግሞ የክልሉ ስም በጥቅስ ውስጥ እንዲጻፍ ተቀይሯል። ከዚያ በፊትም በኋላም ላለ ከርነል የሚሠራ ሞጁል በስሪት ቁጥር የሚለይ ማክሮ መጻፍ ግድ ይሆንበታል።

ከመልቀቃችሁ በፊት ሁለት ፍተሻ አድርጉ። በመጀመሪያ ለእያንዳንዱ ሄደር እሱን ብቻ ሁለት ጊዜ የሚያካትት ባዶ የሲ ፋይል ኮምፓይል አድርጉ፤ የጎደለው አዋጅም የተበላሸው መከላከያም ወዲያው ይወጣል። ከዚያ ኮምፓይል የተደረገውን ኦብጀክት ፋይል ኤንኤም በተባለው የስም መዘርዘሪያ ትእዛዝ ዘርዝሩና በድራይቨሩ ፕሪፊክስ የማይጀምሩትን፣ እዚያው የተተረጎሙና ከፋይሉ ውጭ የሚታዩ ስሞች ለዩ። እንዳሉ መቆየት ያለባቸው ኢኒት_ሞጁል፣ ክሊንአፕ_ሞጁልና ከርነሉ ራሱ የሚያስገባቸው ስሞች ብቻ ናቸው። ሌላ የተረፈ ካለ ወይ ስታቲክ ይሁን፣ ወይ በፕሪፊክሱ እንደገና ይሰየም።